ባትሪዋን የምታፈላው ቮልስ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ከአባቴ የወረስኳት በፈረንጆቹ 1968 የተሠራች ቮልስ አለችኝ። ባለ 12 ቮልት ናት፣ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዲናሞዋም የጥንቱ ነው። ከሁለት ወር ወዲህ የባትሪው ውሃ በአሥር ቀን እያለቀ አስቸገረኝ። ሦስት የፊት መብራት አምፑል ተቃጥሎብኛል። ትንሽ ራቅ ያለ መንገድ ስሄድ ከኋላ ወንበር የበሰበሰ እንቁላል ዓይነት ሽታ ይመጣል። በቴስተር ስለካው በሚኒሞ 13፣ ነዳጅ ስሰጣት ደግሞ 16.8 ቮልት ያሳያል። አንዱ መካኒክ ‹ዲናሞው ከልክ በላይ ጠንክሯል፣ በአዲሱ ዓይነት አመንጪ፣ በአልተርኔተር ይቀየር› አለኝ። ሌላው ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተሩ ነው ብሎ ከሶማሌ ተራ አዲስ አስገዝቶ ገጠመልኝ። ምንም ለውጥ የለም። አጎቴ ደግሞ ትልቅ ባትሪ ግዛ፣ ትርፉን ይውጠዋል ይላል። ማንን ልስማ?»

ለጊዜው ማንንም አትስማ። መኪናዋን አቁማት።

ለምን አቁማት እንዳልኩህ ልንገርህ። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ማለት ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከ14.4 ቮልት ገደማ በላይ ሲገፋ መፍላት ይጀምራል። ይሄ የእሳት ፍላት አይደለም። ኤሌክትሪኩ ውሃውን ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን እየበተነው ነው። በ16.8 ሲሆን እንደ ሹሮ ይንተከተካል። የምትለው የእንቁላል ሽታ ባትሪው ከልኩ አልፎ ሲግል የሚወጣው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው። ሃይድሮጂኑ ራሱ አይሸትም፣ ግን አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። የቮልስ የኋላ ወንበር ደግሞ ሥሩ የብረት ስፕሪንግ ነው። ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ ስፕሪንጉ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ከነካ ብልጭታው መጣ። ወንበሩ እንዲህ ተቀጣጥሎ የተቃጠለች ቮልስ ብርቅ አይደለችም። ስለዚህ ችግሩ እስኪገኝ ድረስ ከኋላ ሰው አታስቀምጥ፣ መኪናዋ ውስጥ ሲጋራ አይጨስ።

አምፑሎችህንም የፈጃቸው ይኸው ነው። አምፑል ቮልቴጅ ላይ በጣም ስስ ነው። ቮልቴጁ 10 በመቶ ሲጨምር ዕድሜው ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል። ያንተ ጭማሪ ከ20 በመቶ በላይ ነው።

አሁን «ዲናሞው ጠነከረ» ወደሚለው እንምጣ። በሥራዬ ብዙ ያረጀ ዲናሞ አይቻለሁ። ከሚዞረው ክፍል ጋር የሚፋተገው ካርቦን ያልቃል፣ ኩሽኔታው ይጮኻል፣ ማምረቱ ይቀንሳል። ሲያረጅ የጠነከረ ግን አላየሁም። ዲናሞ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። ያንተ ላይ ሁለት የሽቦ መግጠሚያ ታገኛለህ። ወፍራሙ ሽቦ የሚገባበት ዲ+ ይባላል። የተመረተው ኤሌክትሪክ የሚወጣው በሱ ነው። ቀጭኑ የሚገባበት ዲኤፍ ነው። ትዕዛዙ የሚያልፈው በዚህ በቀጭኑ ነው። ውስጥ ያለው ማግኔት የሚፈጥረው ጥቅል ሽቦ አንድ ጫፉ ከዲ+ ጋር ተያይዟል፣ ሌላው ጫፉ በዲኤፍ ይወጣል። ዲኤፍ ከመኪናዋ አካል፣ ማለትም ከግራውንድ ጋር ሲገናኝ ማግኔቱ ይበረታል፣ ዲናሞውም ባለ በሌለ ኃይሉ ያመርታል። ሲላቀቅ ማግኔቱ ይዝላል፣ ምርቱም አብሮት ይወድቃል።

ሬጉሌተሩ ዲኤፍን ከግራውንድ ያገናኛል፣ ቮልቴጁ ሲያልፍ ያላቅቃል፣ መልሶ ያገናኛል። ወተት የምታፈላ ሴት አስብ። ገንፈል ሲል ድስቱን ታነሳለች፣ ሲረጋ ትመልሰዋለች። ሬጉሌተር ይህንን በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይሠራዋል። አንተ ጋ ድስቱ ምድጃው ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ማወቅ ያለብህ ዲኤፍን ከግራውንድ ጋር ያጣበቀው ምን እንደሆነ ነው። ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ ሬጉሌተሩ፣ ከሬጉሌተሩ ወደ ዲናሞው የሚሄደው ቀጭን ሽቦ፣ ወይም የዲናሞው ውስጥ። ሬጉሌተር ተቀይሮ ምንም ካልተለወጠ ጥርጣሬዬ ወደ ሽቦው ያጋድላል።

የአጎትህ ምክር ቅን ነው፣ ግን አይሠራም። ትልቅ ባትሪ ትልቅ በርሜል ማለት ነው። ለመሙላት ትንሽ ይቆያል። ከሞላ በኋላ ቧንቧው ካልተዘጋ እንደ ትንሹ ይፈስሳል። በዚያ ላይ ያበላሸኸው ባትሪ ውድ ባትሪ ይሆናል።

መፍታት ከመጀመርህ በፊት ቴስተርህን ራሱን ጠርጥረው። ርካሽ ዲጂታል ቴስተር የራሱ ባትሪ ሲደክም ከፍ አድርጎ ያነባል። አዲስ ባትሪ አድርግለት። ከዚያ ሞተሩ ለጥቂት ሰዓት ጠፍቶ የቆየ ደህና መኪና ባትሪ ላይ ለካው። 12.6 አካባቢ ካለህ እመነው። 14 ካለህ ቀጣፊ ነው። ሞተር እየሠራ ስትለካ ደግሞ የቴስተሩን ሽቦ ከካንዴላ ሽቦዎች አርቀው። አለበለዚያ ቁጥሩ ይዘላል። በሚኒሞ 13 ማየትህ ደግሞ ምንም አይነግርህም። የዱሮ ዲናሞ በሚኒሞ ብዙ አያመርትም፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀዩ የቻርጅ መብራት ብልጭ ድርግም ቢል እንኳ ጤናማ ነው። ልኩ የሚታወቀው በመካከለኛ ዙር፣ ወደ 2000 ገደማ ሲሆን ነው። እዚያ ላይ ከ13.6 እስከ 14.4 ጥሩ ነው። እግረ መንገዴን፦ ቮልቴጁ 14 ሆኖ ባትሪው ግን የሚፈላበት ሰው ካለ ችግሩ ቻርጁ ላይ አይደለም። ከባትሪው ስድስት ክፍሎች አንዱ ውስጡ ሾርት አድርጓል። ይሄ ያንተ ጉዳይ አይደለም።

ቴስተሩ ከታመነ ወደ ሥራው። የኋላውን ወንበር አውጣው። በር ክፈት፣ አየር ይግባ። ሬጉሌተሩ በግራ በኩል፣ ወንበሩ ሥር ነው። ምንም ከመንካትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳው። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ። ከዚያ ዲኤፍ የሚባለውን ቀጭን ሽቦ ከሬጉሌተሩ ንቀልና ጫፉን በቴፕ በደንብ ጠቅልለው። ይህንን አትዝለል። ያ የተራቆተ ጫፍ አካሏን ከነካ ዲናሞውን «አምርት!» ብለህ እንዳዘዝከው ነው፣ የሚያስቆመው ሬጉሌተርም የለም። ኔጋቲቩን መልስ፣ አስነሳት፣ የፊት መብራቱን አብራ፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነዳጅ ስጣት፣ ባትሪው ላይ ለካ።

ቮልቴጁ ወርዶ 12 ምናምን ላይ ከቀረ፣ ቀዩም መብራት ከበራ፣ ሽቦውና ዲናሞው ነፃ ናቸው። ጥፋቱ ሬጉሌተሩ ወይም የሬጉሌተሩ ግራውንድ ነው። ሽቦው ተነቅሎም 16 ካለህ ሞተሩን አጥፋ፣ የዚያኑ ሽቦ ሌላኛውን ጫፍ ከዲናሞው ንቀል፣ ደግመህ ሞክር። አሁን ከወረደ ሌባው ሽቦው ነው። ሁለቱም ጫፍ ተነቅሎ አሁንም 16 ካለ ዲናሞው ውስጥ ነው፣ ጥቅሉን ወደሚጠቀልል ባለሙያ መሄዱ ነው። ሦስት ሙከራ፣ ግማሽ ሰዓት፣ ዜሮ ብር። ሬጉሌተር ከመግዛትህ በፊት ማንም ይህንን አለመሞከሩ ነው የሚያናድደኝ።

በአንድ ወቅት ሦስት ሬጉሌተር የተቀየረላት ቮልስ መጥታልኝ ነበር። ባለቤቱ ሦስቱንም በፌስታል ይዟቸው መጣ። ዲኤፍን ከሬጉሌተሩ ነቀልኩት፣ 16 ነው። ከዲናሞው ነቀልኩት፣ 12 ሆነ። ሽቦውን ስከተለው ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ የሚገባበት የቆርቆሮ ቀዳዳ ጋ ደረስኩ። ቀዳዳው ላይ ሽቦውን የሚጠብቀው ጎማ እንደ ድርቆሽ ደርቆ ተሰባብሯል። ሽቦው ቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ለዓመታት ሲፋተግ ሽፋኑ ተልጦ፣ የጥፍር ያህል መዳብ ፍንትው ብሎ ያበራል። ጎርባጣ መንገድ ላይ ይነካል፣ አስፋልት ላይ ይላቀቃል። ለዚህ ነው ባለቤቱ «አንዳንድ ቀን ደህና ትሆናለች» የሚለኝ። አዲስ ሽቦና አዲስ ጎማ ከሁለት ማኪያቶ በላይ አላስወጣውም። አንተም ሞተሩ እየሠራ ሰው ቴስተሩን ይይልህና ሽቦውን በየቦታው ነቅንቀው። እጅህ ግን ዲናሞውን ከሚያዞረው ቺንጋ ይራቅ።

ዲናሞው ከተጠረጠረ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው የዲናሞውን ዲኤፍ ከአካሉ ጋር በኦም ይለካና ጥቂት ኦም ሲያይ «ሾርት ነው!» ይላል። አይደለም። ከላይ እንዳልኩህ ጥቅሉ ከዲ+ ጋር የተያያዘ ነው። ከዲ+ በካርቦኑ፣ በሚዞረው ክፍልና በሌላው ካርቦን አድርጎ ግራውንድ ይደርሳል። ጤነኛ ዲናሞም ስለዚህ ጥቂት ኦም ያሳያል። እውነቱን ለማወቅ ሁለቱንም ሽቦ ነቅለህ በዲ+ ካርቦን ሥር ቁራጭ ካርቶን አስገባ፣ ያኔ ለካ። አሁን ምንም ግንኙነት ማሳየት የለበትም። ካሳየ ጥቅሉ በውስጥ አካሉን ነክቷል፣ ለሚጠቀልል ባለሙያ ስጠው። በዚህ ሳቢያ ስንት ደህና ዲናሞ እንደተጣለ አይነገርም።

ሙከራው ወደ ሬጉሌተሩ ካመለከተህ «አዲስ ነው» ብለህ አትለፈው። አዲስ ማለት ትክክለኛው ማለት አይደለም። የ6 ቮልቱና የ12 ቮልቱ ሬጉሌተር ቆርቆሮው መንታ ነው፣ የሚለየው የተጻፈበት ቁጥር ነው። ዲናሞው ላይ የታተመውን ቮልትና አምፔር አንብብ፣ ሬጉሌተሩም ለዚያው ዲናሞ የተሠራ መሆን አለበት። የአልተርኔተር ሬጉሌተር ደግሞ ለዲናሞ ጨርሶ አይሆንም፣ «ይሠራል፣ ሞክረው» ቢሉህም። ዲ+ን እና ዲኤፍን አቀያይሮ መግጠምም አዲሱን ሬጉሌተር በደቂቃ ያቃጥላል። ክዳኑን ከፍቶ ስፕሪንጉን በፒንሳ እያጠፉ «ማስተካከል» የሚባለውን እርሳው። አንድ ጊዜ ከነካኸው መልሶ ልኩ ላይ አይገኝም። የዱሮ ሰዎች ጥሩ ሜትር ይዘው ይሠሩት ነበር፣ እኔም ሠርቻለሁ፣ ዛሬ ግን ባለ ኤሌክትሮኒክሱን መግዛት ይሻላል። ቅርጹ ያው ነው፣ የሚጣበቅ ኮንታክት የለውም።

ግራውንዱን በአንድ ልኬት ትጨርሰዋለህ። ሞተሩ በመካከለኛ ዙር እየሠራ፣ መብራት በርቶ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሬጉሌተሩ ቆርቆሮ ላይ አድርግ። 0.1 ወይም 0.2 ቮልት ቢል ግድ የለም። ግማሽ ቮልት ካለ ሬጉሌተሩ በግማሽ ቮልት ታውሯል፣ ያለውን አሳንሶ ስለሚያይ አብዝቶ ያስመርታል። ፍታው፣ ቀለሙንና ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈትገው፣ መልሰህ እሰረው። ግን እወቅ፦ አንተ ጋ ያለው ትርፍ ከሁለት ቮልት በላይ ነው። ዝገት ብቻውን ያንን ሁሉ ሲያመጣ እምብዛም አላየሁም።

ሁለት ነገር ግን በፍጹም እንዳታደርግ። አንደኛ፣ ሞተር እየሠራ ባትሪ መንቀል። ጋራዥ ውስጥ «ሳይጠፋ ከቀጠለ ዲናሞው ይሠራል» እያሉ የሚሞክሩትን ማለቴ ነው። አሁን ቮልቴጁን 16.8 ላይ የያዘልህ ያ የሚፈላው ባትሪ ነው። ከነቀልከው ቮልቴጁ ወዴት እንደሚወጣ አትጠይቀኝ፤ ሬዲዮህና የቀሩት አምፑሎች ይመልሱልሃል። ሁለተኛ፣ «ዲናሞው እንዳይዞር» ብሎ ቺንጋውን ማላላት ወይም ማውጣት። ሌላ መኪና ላይ ጥቂት መንገድ ያስኬድ ይሆናል። ቮልስ ላይ ግን ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ የተገጠመው የዲናሞው ዘንግ ላይ ነው። ቺንጋ ከሌለ አየር የለም፣ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠበሳል።

መንገድ ላይ ከያዘህስ? ዲኤፍን ከሬጉሌተሩ ንቀል፣ ጫፉን በቴፕ ጠቅልል፣ ቮልቴጁ መውረዱን አረጋግጥ፣ በቀን ብርሃን ወደ ቤትህ ንዳ። ቀዩ መብራት እንደበራ ይቆያል፣ አትደንግጥ። የምትሄደው በባትሪው ብቻ ነው። መብራት፣ ሬዲዮ፣ የዝናብ መጥረጊያ ካልነካህ ለካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚልከው የቮልስ ኮይል የሚበላው ጥቂት አምፔር ስለሆነ ደህና ባትሪ አንድ ሁለት ሰዓት ያደርስሃል። ማታ ከሆነ አትሞክረው። ሽቦው ተነቅሎም ቮልቴጁ ካልወረደ ችግሩ ከሬጉሌተሩ ወዲያ ነው፣ አስጎትት።

አልተርኔተር ልቀይር ወይ ላልከው፣ ለዚህ ችግር ብለህ አትቀይር። የተላጠ ሽቦ ካለህ አልተርኔተሩንም ያስቸግረዋል። ቅየራው ማሽኑን አንስቶ ሌላ ማስቀመጥ ብቻም አይደለም። የሚቀመጥበት እግር ይለያል፣ ከማራገቢያው ጋር የሚያያዘው ቆርቆሮ ይለያል፣ የሽቦው አገጣጠምም ይለወጣል። ያንተ ዲናሞ 30 አምፔር ገደማ ያወጣል። ኮይሉ፣ የፊትና የኋላ መብራቱ፣ የዝናብ መጥረጊያው ሁሉ ተደምሮ ከዚያ በታች ነው። ትልቅ አምፕሊፋየር ካልጫንክ ይበቃሃል። አልተርኔተር በሚኒሞም መሙላቱ እውነት ነው፣ ለአዲስ አበባ መንገድ መጨናነቅ ጥሩ ነገር ነው። ያንን ከፈለግክ መጀመሪያ መኪናዋን አድናት፣ ከዚያ ተረጋግተህ ታስብበታለህ።

ይህንን የሚያነብ የሰባዎቹ ኮሮላ ባለቤት ካለ፣ የዲኤፉን ሙከራ እንዳለ አይቅዳ። የሱ አልተርኔተር ነው፣ አሠራሩም ይገለበጣል፦ ሬጉሌተሩ ፊልዱን፣ ማለትም ማግኔት የሚፈጥረውን ጥቅል፣ ግራውንድ አያስነካውም፣ ከቁልፉ የመጣውን ፖዘቲቭ ነው የሚልክለት። ቮልቴጁንም የሚያነበው ወደሱ በሚመጣ ሽቦ ነው። በዚያ ሽቦ መንገድ ላይ ያለ ኮንታክት ወይም የፊውዝ እግር ከዛገ ሬጉሌተሩ አሳንሶ ያነብና ባትሪው ይፈላል። እዚያ መጀመሪያ የሚለካው የባትሪው ቮልቴጅ ከሬጉሌተሩ መግቢያ ቮልቴጅ ምን ያህል እንደሚለይ ነው።

ምክሬ ይኸው ነው፦ ቅዳሜ ጠዋት ወንበሩን አውጣና ዲኤፍን ንቀል። ከሙከራው በፊት አንድ ብር አታውጣ። እኔ ብወራረድ ሽቦው ላይ ነው የምወራረደው፣ ሙከራው ሌላ ካሳየህ ግን ሙከራውን እመን።

ጥፋቱ ከተስተካከለ በኋላ ባትሪውን እየው። ሳህኖቹ ከውሃው በላይ ታይተው ከሰነበቱ ብዙ ተስፋ አታድርግ። ካልታዩ የተጣራ የባትሪ ውሃ ሙላ። አሲድ አትጨምር። ያለቀው ውሃው ነው፣ አሲዱ እዚያው አለ። ባትሪውን አንስተህ ሥሩን ተመልከት፣ የቮልስ ወለል መጀመሪያ የሚበሰብሰው እዚያ ነው። በሶዳ ውሃ እጠበው፣ አድርቀው፣ ቀለም ቀባው። ኮይሉንም በእጅህ ዳስስ፣ ከወትሮው በላይ የሚግል ከሆነ በዚህ ሁለት ወር ተጎድቷል። ከዚያ አስነሳትና በመካከለኛ ዙር ለካ። 14 አካባቢ ሲቆም፣ ነዳጅ ብትጨምርም ከ14.5 ሳያልፍ ሲቀር ጨርሰሃል። ወንበሩን ከመመለስህ በፊት ባትሪው ላይ፣ በተለይ ፖዘቲቩ ላይ፣ ወፈር ያለ የጎማ ቁራጭ አልብስ። የአሮጌ ጎማ ካላማዳሪ ይበቃል።